የያርጋል አዲሱ እግር

ያርጋል ነፍስ አጥፍቶ፣ ታስሮ የወጣ ሰው ነው። ልደብቀው ብል ዳባት ሙሉ ያውቀዋል። በማሳ ድንበር ተጣልቶ ደርበው ባርናባስ የሚባል ጎረቤቱን ገደለ። ደርበውም ሳይወድቅ የተኮሳት ጥይት የያርጋልን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች አስቆረጠችው። ከእስር ከወጣ ሦስት ዓመት ሆነው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ላከ፤ ሦስት ጊዜም ተመለሰበት። ያም ሆኖ ከሟች ቤት እጁን ያነሣበት የለም። እሱማ "ፈርተውኝ ነው" እያለ ይኮፈሳል፤ በሁለት ምርኩዝ ተንጠልጥሎ!

አንድ ነገር ግን ያንገበግበዋል። መሬቱን ሌላ ሰው እያረሰው እሱ ከዳር ተቀምጦ ያያል። ስለዚህ ደባርቅ ላይ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ክፍል ተከፈተ ሲሉት ገሰገሰ።

ባለሙያዋ የተቆረጠ እግሩን በርጥብ ጀሶ ጠቅልላ ቅርጹን ስትወስድ፣ እንደ አገሩ ወግ ጠየቃት።

"የማን ልጅ ነሽ፣ ሲስተር?"

"የባርናባስ" አለች ቀና ሳትል። "የሺወርቅ እባላለሁ፤ የደርበው ታናሽ። አይነቃነቁ ጋሼ ያርጋል፣ ጀሶው ይበላሻል።"

ወይ ጉድ! ላብ አጠመቀው። ጥሎ እንዳይሮጥ በምን እግሩ?

"ዋናው ነገር እግርዎ የሚገባበት ጎድጓዳው ነው" አለች በዝግታ። "ጅማቱ ላይ ቢጫን ይችለዋል። አጥንቱን ከተጫነው ግን ያቆስላል። ቁስሉ ያመረቅዝና እንደገና መቁረጥ ይመጣል።"

ይኼን ለምን ነገረችኝ እያለ ሲብከነከን ቤቱ ገባ። ሚስቱ ዕፀገነት ስትሰማ ደረቷን መታች።

"አብደሃል? ሥጋህን ለደመኛህ አሳልፈህ ትሰጣለህ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ!"

"እና እስከ መቼ ተጎልቼ ልኑር?" ብሎ ጮኸባት።

ሊለካ በሄደበት ቀን ጎድጓዳው ገና ሲገባ አጥንቱን ነከሰው። ይኸው ጀመረች አለ በሆዱ፤ ጥርሱንም ገጠመ። የሺወርቅ ግን ፊቱን አይታ ወዲያው አወለቀችው። የቀላውን ቦታ በእስክርቢቶ ከበበች፤ ፕላስቲኩን አሙቃ አሰፋችው።

"ሲያምዎት አይደብቁኝ" አለች ቆጣ ብላ። "ይኼ እግር እንዲያስነክስዎ አልፈልግም።"

አራት ጊዜ አመላለሰችው። በተመለሰ ቁጥር ዕፀገነት በተቆረጠው እግሩ ላይ ያጠለቀውን ካልሲ አውልቃ በመስተዋት ቁስል ትፈልጋለች። አንዲት ጭረት እንኳ አጣች። ያርጋል እንቅልፍ አጣ፤ ክፋቷን የት እንደደበቀችው አልገባውም።

በመጨረሻው ቀን የሺወርቅ ምርኩዞቹን ከእጁ ወሰደችበት።

"ኧረ አንዷን እንኳ ልያዝ ሲስተር!"

"አንዷንም! ያለ ምርኩዝ ካልሄዱ እኔ ምን ሠራሁ?"

ተራመደ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄደ፤ ተመለሰ። ምንም አላመመውም። ያ ሁሉ ኩራቱ ሟሸሸና ሽማግሌው ሰውዬ እንደ ልጅ አለቀሰ።

"ወንድምሽን ገድዬ እንዲህ አደረግሽልኝ። እኔ አፈር ልብላ፤ ይቅር በይኝ።"

"ቀጥ ብለው ይሂዱ፣ ጋሼ" አለችው ብቻ። ምርኩዞቹን አስቀርታ እስከ በሩ ሸኘችው።

ያርጋል በአስፋልቱ ዳር ደረቱን ነፍቶ ወደ መናኸሪያው ወረደ። ሰው ሁሉ ያየው መሰለው። ዘንድሮ ሞፈሩን ራሴ እይዛለሁ እያለ ያስባል። ከመታጠፊያው ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው መንገዱ መሃል ቆሞ ጠበቀው፤ ማንያዘዋል ነበር፣ የደርበው ታላቅ። ከጋቢው ሥር የጠመንጃ አፈሙዝ ብቅ ብሏል።

"ምርኩዝ የያዘ ሽባ ገደለ እንዳልባል ሦስት ዓመት ታገስኩህ" አለው። "የእህቴ እጅ ይባረክ።"