መጨረሻ የወጣው ብስክሌተኛ

ዛሬ ዛሬ አንድ መጽሐፍ ፊልም ከተሠራለት፣ በየቤቱ ያለው ቅጂ ሁሉ ፊልሙ በወጣበት ሌሊት ተለውጦ ፊልሙን መስሎ ያድራል። ትናንት ተራው የባለቤቴ የአንማው ልቦለድ ሆነ።

አንማው የጻፈው በወጣትነቱ ባሕር ዳር ላይ በብስክሌት ውድድር ከሁሉም መጨረሻ ስለወጣበት ቀን ነው። ተመልካቹ ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ አንዲት ልጅ ብቻ ውሃ ይዛ ስትጠብቀው ያገኛታል። ልጅቷ እኔ ነኝ።

ጠዋት መጽሐፉን ብገልጠው ብስክሌተኛው ቁመቱ ረዝሟል፣ ደረቱ ሰፍቷል፣ አንደኛም ወጥቷል። እስከ መጨረሻው ገጽ ባገላብጥ እኔ የለሁም።

"አሸንፈሃል አሉ" አልኩት ተናድጄ። "እኔን ግን አጥፍተውኛል።"

መነጽሩን አድርጎ አነበበው። "ምን ያድርጉ፤ ቀድሞ የደረሰን ሰው ማን ቆሞ ይጠብቀዋል?"

ከዚያ ዝገት የበላትን ብስክሌቱን ከደረጃው ሥር ጎትቶ አወጣ። ዛሬ የሰፈራችን ጎረምሶች ውድድር አላቸው።

"በዚህ ዕድሜህ ወዴት ልትሄድ ነው?"

"ልሸነፍ" አለኝ ጎማውን እየነፋ። "ከዚያ እንደገና እጽፈዋለሁ።"

ንዴቴ በረደ። ጆጉን አንስቼ ውሃ እየሞላሁ፣ "ታዲያ እንዳትቸኩል" አልኩት።