አንድ ዱላ በዝቷል

ዓመለወርቅ ከግድግዳው ጋር የተደገፉት ዱላዎች ስድስት መሆናቸውን ያየችው፣ አምስቱ መንገደኞች እግራቸውን ታጥበው ከገቡ በኋላ ነው። በማረፊያው ደንብ እንግዳ ዱላውን ውጭ አስደግፎ ይገባል።

ወሩ ጥር ነው፤ ዓመቱ ፲፱፻፳፮። አሮጌው የሶዶ የመንገደኞች ማረፊያ ክዳኑ ታድሶ፣ በቅሎ የሚታሰርበት ሜዳም ተደልድሎ፣ እንግዳ ሲያሳድር የመጀመሪያ ቀኑ ነበር።

“አንተ ሰውዬ፣ አንድ ዱላ በዝቷል!” አለችው ጠባቂውን ባሏን።

“መቼም አንቺን ዱላም ያስፈራሻል! የሁምቦው ጦና ሁለት ይዞ ይሆናል።”

“እኔ? ሁለት ያለኝ እግር ብቻ ነው!” ብሎ ጦና ከውስጥ ሳቀ።

ዓመለወርቅ አልሳቀችም። የሰባት ዓመት ልጇ ሳህሊቱ ውስጥ ነበረች። ልጅቷን ይዛ ወጥታ ጎረቤት ልታሳድራት ቆርጣ ገባች።

ሳህሊቱ ማንም በሌለበት ጥግ ተንበርክካ፣ ከቅል ውሃ ታፈስሳለች።

“እማዬ፣ እኚህን አባባ እኮ ሳታጥቧቸው ረሳችኋቸው” አለች።

ከቅሉ ንጹሕ ሆኖ የሚወርደው ውሃ አየር ላይ ለሁለት ይከፈልና፣ ከታች ገበቴው ውስጥ ጭቃ ሆኖ ይጠራቀማል።

ከኋላዋ ባሏ “በቃ፣ ሁሉም ገብተዋል” ብሎ በሩን ቀረቀረው።