የጋሽ እምቢ ጆንያ

የደሴቷ ሰው ስሙን ትቶ «ጋሽ እምቢ» የሚለው በዋዛ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የወደብ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሠራ ከአፉ የሚቀድመው ቃል ይኸው ነበር። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው፤ አመሉን ግን አልነካውም።

ነርሷ ሳትሸፋፍን ነገረችው። እግሩን በየቀኑ ካላራመደ ዓመት ሳይሞላ የአልጋ ቁራኛ ይሆናል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ለመነችው፣ አለቀሰችበት፣ ክንዱን ይዛ እስከ በሩ ወሰደችው። እምቢ አለ።

«ያለ ጉዳይ የሚዞር ፍየል ነው» አላት፤ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይም አምስት ወር ተጎለተ።

ያን ሰሞን ነርሷ ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ እየሮጡ ቆሻሻ የሚለቅሙ በጎ ፈቃደኞች አሰባስባ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ገባ፣ አስተማሪዋ ገባች፣ ሌሎችም ተከተሉ። ሚስቱ ከአሮጌ መጋረጃ ጆንያ ሰፋችላቸው። በሁለት ወር ውስጥ የባሕሩ ዳርቻ ጸድቶ ሰዎቹ ከመሮጥ በቀር ሥራ አጡ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጋሽ እምቢ መስኮት ፊት ለፊት፣ አሸዋው ላይ፣ ሰባት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተጥለው ተገኙ። በዚያ ሰዓት በዚያ የሚያልፈው ባለጀልባው ብቻ ነበር።

ሁለቱ ሰላምታ ካቋረጡ ዓመታት አልፈዋል። ጋሽ እምቢ በሥራ ላይ ሳለ፣ ከልክ በላይ ሰው ጭነሃል ብሎ ፈቃዱን ለአንድ ወር ነጥቆት ነበር። ቂም ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

ሚስቱ ጠርሙሶቹን አይታ ተቆጣች። «ተዋቸው፤ በዚህ እግርህ ከበሩ እንዳትወጣ» አለችው።

ጋሽ እምቢ ከዘራውን አንስቶ ወጣ።

ሰባቱን ለመልቀም አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ዓይኑ ግን በርቷል። በማግስቱ የቆሻሻ ለቃሚዎቹን ማኅበር ተቀላቀለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየሳምንቱ ባሰ። ሌሎቹ ባዶ ጆንያ ይዘው ሲመለሱ የእሱ ይሞላል። ቆሻሻውም ከቤቱ ይርቅ ጀመር፤ መጀመሪያ ጀልባ የሚጠገንበት መጋዘን አጠገብ፣ ቀጥሎ ዓሣ ከሚጸዳበት ጠረጴዛ ማዶ፣ ቀጥሎ ከድንጋዩ ግድብ ሥር። ጠርሙሶቹ የታጠቡ ናቸው። ክዳናቸው ጠብቋል፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ እፍኝ አሸዋ አለ። ሁልጊዜም የሚገኙት ማዕበል ከሚደርስበት ከፍ ብሎ ነው።

«ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም» አለ ጋሽ እምቢ ለዳቦ ጋጋሪው። «አሸዋ የሚሞላው አጎንብሼ ከባድ ነገር እንዳነሳለት ነው። ንቀቱን አየህ?»

ዳቦ ጋጋሪው ጢሙን እያሻሸ እውነትም ንቀት ነው አለ።

አንድ ሳምንት ጋሽ እምቢን ጉንፋን ጣለው። በዚያ ቅዳሜ ዳርቻው ላይ አንዲት ጠርሙስ አልተገኘችም። ለእሱ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም ነበር፤ ሰውዬው የሚጥለው እሱን ለማናደድ ብቻ ነው።

ሳሉ ሳይለቀው ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረደ። ባለጀልባው ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

«የምትጥለው አንተ ነህ» አለው።

ባለጀልባው እጁን ከገመዱ አላነሳም። «ማስረጃ ካለዎት ያምጡ፣ ጋሼ።»

«አመጣለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ ይቺን ደሴት ማንም የቆሻሻ መጣያ አያደርጋትም። ከፈለግህ ጫፍ ድረስ ሄደህ ከመብራት ማማው ሥር ጣለው። እዚያም እመጣልሃለሁ።»

ባለጀልባው ቀና ብሎ ከዘራውን አየ፣ እግሩንም አየ። «በዚያ እግር ማማው ጋ አይደርሱም» አለ። ድምፁ ትንሽ ሻከረ።

ነርሷ ወሬውን ስትሰማ ከግድቡ እንዳያልፍ ከለከለችው። ሚስቱም ከለከለችው። ለጋሽ እምቢ ክልከላ ስንቅ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠርሙሶቹ መብራት ማማው ሥር ነበሩ። ጋሽ እምቢ ግድቡን እንዳለፈ ከዘራው አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ ቢያስቸግረው ወረወረው። ሁለት ጊዜ ወደቀ። አስተማሪዋ ልታነሳው ስትሮጥ ነርሷ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። ራሱ ተነሳ። የመጨረሻዋን መንገድ በሩጫ ጨረሳት፤ ቢያንስ እሱ እንዲያ ነው የሚያወራው።

ሲመለስ ሆን ብሎ በጀልባ ማቆሚያው በኩል አለፈ። የሞላውን ጆንያ በግራ እጁ ከፍ አድርጎ ለባለጀልባው አሳየው። ባለጀልባው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

«አፈረ» አለ ጋሽ እምቢ። እንዲህ ደስ ካለው ብዙ ጊዜው ነበር። ጆንያውን እንደ ልማዱ ለዳቦ ጋጋሪው አስረክቦ፣ እየተንጎራደደ፣ ያለ ከዘራ፣ ሊተኛ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ በማኅበርተኞቹ መካከል፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ የመጨረሻውን ጠርሙስ አጥባ አሸዋ ሞላችበትና «የሚመጣው ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ይሁን፤ ተረኛው ማነው?» ስትል፣ ባለጀልባው ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣ።