የኤዴልሚራ ጣቶች

በቺሊዋ ፖርቶ ሞንት ከተማ ባለ የሳልመን ዓሣ ፋብሪካ፣ በሐምሌ ብርድ፣ በምሳ ሰዓት፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ኤዴልሚራና ኖልፋ ብቻ ነበሩ። የዳታ ሳይንስ ትምህርት በኢንተርኔት፣ በገዛ ቋንቋቸው በስፓንኛ ከመጣ ወዲህ አብረው ሲያጠኑ ከርመው፣ አሁን በየስልካቸው በሰዓት የተገደበውን የመጨረሻ ፈተና ይፈተኑ ነበር። የፋብሪካው ቢሮ ለዳታ ሥራ የሚወስደው ከሁለቱ ብልጫ ያመጣችውን ብቻ ነው።

ኤዴልሚራ መልሱን ታውቀዋለች፤ በረዶ ላይ ዓሣ ስትበልት አርፍዳ የደነዘዘ ጣቷን ግን ስልኩ አልሰማ አላት።

«ይኼ ስልክ ጠላኝ እንዴ?»

«ምን ያድርግ፣ ሬሳ ነካኝ ብሎ ነዋ!» አለች ማሸጊያው ጋ የምትሠራው ኖልፋ፣ ቀና ሳትል።

በፋብሪካው እጇ የደነዘዘባት ሴት ከዘረጋች፣ አጠገቧ ያለችው ሥራዋን ትታ ታሞቅላታለች፤ እምቢ አይባልም። ዛሬ ግን ኤዴልሚራ አልዘረጋችም፤ እጆቿን ጭኗ ሥር ደበቀቻቸው።

ኖልፋ ይኼን አየች። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ስልኳን አግዳሚው ላይ ደፋችና፣ «አምጪ እንጂ፣ አንቺ ግትር!» ብላ የኤዴልሚራን እጆች ሹራቧ ውስጥ፣ ብብቷ ሥር ወሸቀቻቸው። ቅዝቃዜው ሲያንዘፈዝፋት ጥርሷን ነከሰች እንጂ አልለቀቀቻትም።

ኤዴልሚራ አለፈች። ፈተናውን ቀድማ የጀመረችው የኖልፋ ሰዓት ግን አልቆ ነበር። ሰኞ ዕለት አንዷ ቢሮ ገባች፣ ሌላዋ ማሸጊያው ጋ ቆመች።