የአባቷ ተራ

በሽተኛውን ከበው ከቆሙት የሕክምና ተማሪዎች መካከል ሽበት ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የምታስተምራቸው ሐኪም አባት። ዩኒቨርሲቲው ለነባር ነርሶች የሐኪምነት ትምህርት ሲከፍት ቀድሞ የተመዘገበው እሱ ነበር። ተራው ሲደርስ ልጁ ምን ብላ እንደምትጠራው ቸገራት፤ አንተ እንዳትለው አባቷ፣ እርስዎ እንዳትለው ተማሪዋ ሆነባት።

«ልቡ ላይ ምን ይሰማል?» አለች፣ ግድግዳውን እያየች።

አባቷ ማዳመጫውን በሽተኛው ደረት ላይ አሳርፎ ጎንበስ አለ። ልጅ ሳለች ለጥያቄዋ ሁሉ መልስ የማያጣ ሰው ነበር። «ከምቱ ሌላ ምንም አልሰማሁም፣ ዶክተር» አለ። ወጣቶቹ ተያዩ።

እጁን ያዘችና ማዳመጫውን ወደ ግራ ገፋ አደረገችለት። «እዚህ ጋ፣ አባዬ። ከምቱ ቀጥሎ ሽው ይላል።»

ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «ሰማሁ!» ብሎ ሲጮህ፣ በሽተኛው ከትራሱ ቀና ብሎ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት!» አለው።