የአንድ ሰዓት ጨለማ

ከምድር በላይ የተሰቀሉት መስተዋቶች የፀሐይን ብርሃን እያንጸባረቁ ሌሊቱን እንደ ቀን ካበሩት ወዲህ፣ ጎባ የምትጨልመው በዓመት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ደምሰው ዘንድሮም ያችን ሰዓት ጠብቆ ግቢው ውስጥ ትልቁን ቴሌስኮፕ ተከለና የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ቴሌስኮፑ ላይ የገጠመው ካሜራ ሰዓቱን ሙሉ ክፍት መቆየት ነበረበት።

ባለፉት ዓመታት ያችን ሰዓት ተኝታ ታሳልፍ የነበረችው የአምስት ዓመት ልጁ ረቂቅ ከቤት እየጮኸች ወጣች።

«አባዬ፣ ዓይኔ ጠፋ!»

«አልጠፋም የኔ እናት፣ ጨለማ ነው።»

«ጨለማ» የሚለውን ቃል አታውቀውም። ደምሰው ፎቶው እንደሚበላሽ እያወቀ ባትሪ አበራና ፊቱን አሳያት። ልቅሶዋ ሲበርድ አቅፏት መብራቱን አጠፋው፤ አብረው ከዋክብት ወደ ሞሉት ሰማይ አንጋጠጡ። ረቂቅ አፏን ከፍታ ቀረች።

ሰዓቷ አልቃ የመስተዋቶቹ ብርሃን ሲመለስ ሰማዩ ነጣ፤ ከዋክብቱም ጠፉ።

«አባዬ» አለች ወደ ላይ እየጠቆመች፣ «ያንንም አጥፋልኝ።»