የሙሽራዋ ፀጉር

«ዛሬን እንኳ እሺ በይ» አሉ አክስቷ፣ ሄልሜቱን ከሙሽራዋ እጅ ለመንጠቅ እየታገሉ። «ከጎህ ጀምሮ የተሠራ ፀጉር በዚህ ቅል ጨፍልቀሽ አማትሽ ፊት ልትቆሚ ነው?»

የሙሽራ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል። እሷን ሙሽራው ቤት የሚያደርሳት የሚዜው ሞተር ብቻ ነው።

«ያለ ሄልሜት አልወጣም፣ እትዬ ብርቄ።»

«እንደ እንቁላል ነው ይዤሽ የምሄደው» አለ ሚዜው። የራሱ ሄልሜት ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚያጠልቀው ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ነው።

«በፊት የጫነኝም ልጅ እንደዚሁ ብሎኝ ነበር።»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አሉ አክስቷ በሹክሹክታ።

«ሙሽራ መስላኝ ነበር፣ ለካ ዘማች ኖራለች» አለ ከአጃቢዎቹ አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

ሙሽራዋ ሁለት እጇን አነሳች። ያን ያማረ ፀጉር እንዳለ ከራሷ አውልቃ አክስቷን አስታቀፈቻቸው። ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ ፀጉር የማያበቅል ረጅም የስፌት ጠባሳ ተጋድሟል። ሄልሜቱን አጠለቀች፤ ማሰሪያውን አገጯ ሥር አጠበቀች። ከዚያ የሚዜውን ክንድ ነካ አድርጋ ጠበቀች፤ እሱም የራሱን አጠለቀ።

ሞተሩ ዳገቱን ሲወጣ አጃቢዎቹ ገና አክስቷ እጅ ላይ ያለውን ፀጉር ያዩ ነበር።